ከሚዋጥ ኤስትሮጅን ወደሚለጠፍ፦ የአንዲት ተጠቃሚ ግምገማ ከደብረ ማርቆስ

ማረጥ የሚያመጣውን ድንገተኛ ሙቀትና የሌሊት ላብ ለማስታገስ ኤስትራዲዮል የተባለውን የኤስትሮጅን ሆርሞን በክኒን መልክ ስወስድ ቆይቼ፣ በሐኪሜ ምክር በቆዳ ላይ ወደሚለጠፈው ዓይነት፣ ማለትም ወደ ፓቹ፣ ከተሻገርኩ ዓመት አልፎኛል። ይህን የምጽፈው በእኔ ዕድሜ ያሉ የከተማችን ሴቶች ስለ መድኃኒቱ ሲጠይቁኝ ሁሉም «ያወፍራል ወይስ ያከሳል?» በሚለው ስለሚጀምሩ ነው።

አያወፍርም፤ አያከሳምም። በመካከለኛ ዕድሜ ክብደታችን በአማካይ በዓመት ግማሽ ኪሎ ገደማ የሚጨምረው በአብዛኛው ከዕድሜ፣ ከጡንቻ መቀነስና ከእንቅስቃሴ ማነስ የተነሣ ሲሆን፣ የኤስትሮጅን መጉደል ደግሞ ቀድሞ በዳሌና በጭን ይከማች የነበረውን ስብ ወደ ሆድ ያዞረዋል። ክኒኑን ስወስድ ያስቸግረኝ የነበረው የሆድ መነፋትና የጡት መወጠር ፓቹን ከጀመርኩ በኋላ ቀለል ብሎልኛል። መቀነቴ ላላ፤ ሚዛኑ ግን ያንኑ ኪሎ ነው ያሳየኝ። ስለዚህ ለመክሳት ብላ የምትቀይር ሴት ገንዘቧን ታባክናለች፤ ውፍረትን ፈርታ ሕክምናውን የምትተው ደግሞ እንቅልፏን በከንቱ ታጣለች።

እኔ እንድቀይር የተመከርኩት በሌላ ምክንያት ነው። የተዋጠ ኤስትሮጅን ወደ መላው ሰውነት ከመሰራጨቱ በፊት በጉበት በኩል ስለሚያልፍ፣ ጉበት ደም የሚያረጉ ንጥረ ነገሮችን በብዛት እንዲያመርት ያደርጋል፤ ትራይግሊሰራይድ የሚባለውን የደም ቅባትም ከፍ ሊያደርግ ይችላል። በቆዳ የሚገባው በቀጥታ ከደም ጋር ስለሚቀላቀል ይህ ጫና የለበትም፤ በክትትል ጥናቶችም በተለመደው መጠን ሲወሰድ የደም መርጋት አደጋን ሲጨምር አልታየም። ውፍረት በራሱ ደም የመርጋት አደጋን የሚጨምር በመሆኑ፣ ክብደታቸው ከፍ ላለ ሴቶች ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ስለ ማረጥ ሆርሞን ሕክምና አደጋ በ2002 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይፋ ሆኖ ብዙዎችን ያስፈራው የአሜሪካ ጥናት የተሠራው በሚዋጥ ሆርሞን እንደነበረ፣ የተሳታፊዎቹም አማካይ ዕድሜ 63 እንደነበረ ማስታወስ ተገቢ ነው።

ስለ አጠቃቀሙ ልናገር። የእኔው በሳምንት ሁለት ጊዜ ይቀየራል፤ ከእምብርት በታች ወይም በመቀመጫ ላይ ይለጠፋል፣ በጡት ላይ ግን ፈጽሞ አይለጠፍም፤ ቦታውም በየጊዜው ይፈራረቃል። ቆዳው ንጹሕና ደረቅ መሆን አለበት። ቅባት ወይም ቫዝሊን የነካው ቆዳ ላይ አይያዝም። ደብረ ማርቆስ ብርዳማ ስለሆነች እስኪቀየር ድረስ በደንብ ይቆያል፤ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ ግን ከደጀን ወርደን የዓባይ በረሃ ስንገባ በላብ ጠርዙ ይነሣና የልብሴን ክር እየሰበሰበ ይጠቀለላል። ሲነሣ የሚቀረውን ጥቁር የሙጫ ምልክት በጥቂት የምግብ ዘይት እያሸሁ አስለቅቀዋለሁ።

በጾም ወራት ያገኘሁት እፎይታ ያልጠበቅሁት ነበር። ክኒኑን በሁዳዴ መቼ ልዋጠው እያልኩ እጨነቅ ነበር፤ ፓቹ በአፍ ስለማይገባ ይህ ጭንቀት ቀርቶልኛል። ሆኖም ማሕፀን ላላት ሴት ፓቹ ብቻውን አይበቃም። ኤስትሮጅን ብቻውን የማሕፀንን ግድግዳ ስለሚያወፍርና ለካንሰር ስለሚያጋልጥ፣ ፕሮጄስትሮን የተባለው ሌላው ሆርሞንም አብሮ መወሰድ አለበት፤ እኔ የምውጠው ማታ ስተኛ ነው፣ እንቅልፍም ይጋብዛል።

ክብደቴን በተመለከተ ለውጥ ያመጣው ማዕዴ ነው። ጾም ያከሳል ይባላል፤ ነገር ግን ዘይት የበዛበት ሽሮና ተደራራቢ እንጀራ ያለበት ጾም አያከሳም። የወጡን ዘይት ቀንሼ፣ ከእንጀራው ይልቅ ምስሩንና ጎመኑን አብዝቼ፣ የከተማችንን ዳገት በየዕለቱ በእግሬ እየወጣሁ፣ ጡንቻዬም እንዳይሟሽሽ ክብደት ማንሣት ለምጄ ወገቤ ቀስ በቀስ ቀንሷል። ሌሊት በላብ ተነክሬ ስነቃ ኖሮ ይህን ሁሉ ለማድረግ አቅም ባላገኘሁም ነበር፤ የፓቹ እገዛም እዚህ ላይ ነው።

ትልቁ ጉድለቱ አቅርቦቱ ነው። እዚህም ሆነ ባሕር ዳር በጠየቅኋቸው መድኃኒት ቤቶች ስላላገኘሁት፣ በሐኪም ማዘዣ ከውጭ በዘመድ ነው የሚመጣልኝ፤ ዋጋውም ከክኒኑ ብዙ ይበልጣል። የጡት ካንሰር ወይም የደም መርጋት የነበረባት፣ ከባድ የጉበት ሕመም ያለባት፣ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ደም የሚፈስሳት ሴት ከሐኪም ጋር ሳትመክር አትጀምረው። አቅርቦቱ የሚቋረጥባችሁ ከመሰላችሁም ፓቹን እየቆረጣችሁ ከማብቃቃት ይልቅ ሳያልቅ ሐኪማችሁን አማክሩ፤ ጄል ወይም አነስተኛ መጠን ያለው ክኒን ሊያዝላችሁ ይችላል።