ባለ 10-18ቱ የካነን ሌንስ፦ ላሊበላ ጉድጓድ ውስጥ ይጠቅማል፣ ፋሲል ግንብ ላይ ግን ከቦርሳ አይውጣ

ቤተ ጊዮርጊስን ከአፋፉ ሆኖ ለማንሳት ስልክ ይበቃል። ጣጣው የሚመጣው ወደ ታች ተወርዶ ወለሉ ላይ ሲቆም ነው። ከፊት 12 ሜትር ገደማ ቀጥ ብሎ የወጣ አለት፣ ከኋላ ደግሞ ሌላ የአለት ግድግዳ። በሁለቱ መካከል ያለው አምስት ወይም ስድስት ሜትር ነው፤ ወደ ኋላ ማፈግፈጊያ የለም። ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው ባለ 18-55 ሌንስ (ቁጥሩ ሚሊሜትር ነው፤ ባነሰ ቁጥር ሌንሱ ሰፋ አድርጎ ያያል) እዚህ በርና መስኮት ብቻ ይዞ ይመለሳል። ካነን ኢኤፍ-ኤስ 10-18 ሚሜ ኤፍ 4.5-5.6 አይኤስ ኤስቲኤም የሚባለው ሌንስ የተሠራው ለእንዲህ ያለው ጠባብ ቦታ ነው ማለት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ2014 ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ 300 ዶላር ገደማ ነበር፤ ለዚህ ዓይነት ሰፊ ሌንስ በጊዜው ርካሽ። ክብደቱ 240 ግራም ስለሆነ ቀኑን ሙሉ አንገት ላይ ቢውል አያደክምም። ከእሱ በፊት የነበረው ባለ 10-22 ሌንስ 385 ግራም ይመዝናል፣ የእጅ መንቀጥቀጥ መከላከያም የለውም፤ በምትኩ ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳው ትንሽ ይሰፋል። የ10-18ቱ ርካሽነት ምክንያት ሲነካ ይታወቃል፦ አካሉም ከካሜራው ጋር የሚጋጠመው ቀለበትም ፕላስቲክ ነው። አቧራና ውኃ የሚከላከል ጎማም የለውም።

የሚገጥመው ክሮፕ ሴንሰር (አነስ ያለ ምስል መቅረጫ) ባላቸው የካነን ካሜራዎች ላይ ነው፤ 250ዲ፣ 800ዲ፣ 80ዲ፣ 90ዲና መሰሎቻቸው። እንደ 6ዲና 5ዲ ባሉ ትልቅ ሴንሰር ባላቸው ፉል ፍሬም ካሜራዎች ላይ አይገባም። በአዳዲሶቹ መስታወት አልባ የኢኦኤስ አር ካሜራዎች ላይ በአስማሚ ይሠራል፤ ካሜራው ፉል ፍሬም ከሆነ ግን ምስሉን ራሱ ስለሚከረክመው ከሜጋፒክስሉ ከግማሽ በላይ ይጠፋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሰፊ ሌንስ የገዛ ሰው የመጀመሪያ ስህተቱ ካሜራውን ወደ ላይ ማንጋጠጥ ነው። ያኔ ግድግዳዎቹ ወደ ኋላ የሚወድቁ ይመስላሉ፣ አናታቸውም ይጠብባል። የሌንሱ ጥፋት አይደለም፤ ሴንሰሩ ከግድግዳው ጋር ትይዩ መሆኑን ስላቆመ ነው። መፍትሔው ካሜራውን እንደ ውኃ ልክ ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው። ብዙዎቹ ካሜራዎች በስክሪኑ ላይ ፍርግርግ መስመር ያወጣሉ፣ አንዳንዶቹም የኤሌክትሮኒክ ውኃ ልክ አላቸው፤ አብሩት።

ቀጥ አድርጎ መያዝ ግን ዋጋ አለው፤ የምስሉ ግማሽ ወለል ይሆናል። ስሌቱ ቀላል ነው። ካሜራው በቁም ተይዞ በ10 ሚሊሜትር ሲነሳ፣ ከዓይን ከፍታ በላይ የሚያየው ቁመት ከርቀቱ በ1.1 እጥፍ ገደማ ነው። ቤተ ጊዮርጊስ ግድግዳ ፊት ለፊት በስድስት ሜትር ላይ ቢቆም የሚገባው ስምንት ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ጣሪያው ይቆረጣል። ስለዚህ የሚቆመው ፊት ለፊት ሳይሆን የጉድጓዱ ማዕዘን ላይ ነው። ሕንፃው የመስቀል ቅርጽ ስላለው ከማዕዘኑ እስከ ቅርቡ ክንፍ ያለው ርቀት ከአሥር ሜትር ይበልጣል፣ ያኔ ካሜራው ሳያንጋጥጥ ከመሠረት እስከ ጣሪያ ይገባል። ባለ 18-55ቱ ከዚያው ማዕዘን ሰባትና ስምንት ሜትር ላይ ይቆርጠዋል። ለሌንሱ ገንዘብ የሚወጣው ለዚህ ልዩነት ነው።

የግድ ማንጋጠጥ ከመጣ ዙሪያውን ሰፋ አድርጎ ማንሳትና በኋላ በላይትሩም ወይም በስልክ በስናፕሲድ ማቃናት ይቻላል። ማቃናት የላይኛውን ክፍል ይለጥጠዋል፣ ጎንና ጎኑንም ይበላል፤ ስለዚህ በግራና በቀኝ ቢያንስ የምስሉን አንድ አምስተኛ ባዶ ተዉለት። ይህን ሁሉ መስክ ላይ ሌንሱን ራሱን በማንሸራተት የሚፈታው ካነን ቲኤስ-ኢ 17 ሚሜ ነው፤ 820 ግራም ይመዝናል፣ ዋጋውም ከ2,000 ዶላር በላይ ነው። ለጉዞ ፎቶ አይመከርም።

አክሱም ላይ ቦታው ገላጣ ስለሆነ ስሌቱ ይቀልላል። ከሮም ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. ዳግም የቆመው ሐውልት 24 ሜትር ነው። በ10 ሚሊሜትር ካሜራውን ሳያንጋጥጡ ሙሉውን ለመያዝ 20 ሜትር መራቅ ይበቃል፤ በ18 ሚሊሜትር ግን 36 ሜትር። ትርፉን መሬት ከሥር ሲቆርጡት ከ24 ሜጋፒክስል 13 ያህሉ ይቀራል፤ ለትልቅ ህትመትም አያንስም። ቦታ ካለ ግን 36 ሜትር መራቁ ይሻላል፤ ከቅርብ ሲነሳ ከኋላ ያሉት ሐውልቶች ትንንሽ ሆነው ይቀራሉ።

እዚያው አንድ ጥንቃቄ አለ። የንጉሥ ኢዛና ሐውልት በእርግጥም ትንሽ ያዘነበለ ነው። ሶፍትዌሩ መስመር ፈልጎ በራሱ እንዲያቃና ከተተወ ሐውልቱን ቀጥ አድርጎ አካባቢውን ያጣምመዋል። በአድማሱ ወይም ከሮም በተመለሰው ሐውልት ልክ በእጅ አስተካክሉ። ወድቆ የተሰበረው ባለ 33 ሜትሩ ደግሞ ለዚህ ሌንስ የተጋደመ ይመስላል፦ ከአንዱ ጫፍ አጠገብ በጉልበት ተንበርክኮ፣ በ10 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 11 ላይ (ኤፍ የቀዳዳው መጠን ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል) ቢነሳ ርዝመቱ ወደ ሩቅ ሲሄድ ይታያል።

ብርሃኑን ሌንሱ አይፈታውም። ላሊበላ በ12ኛው ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች ለገና በሚሄደው ተጓዥ ፀሐይ በቀትርም ወደ ደቡብ አዘንብላ ትቆያለች፤ የጉድጓዱ ደቡባዊ ግድግዳ ጥላ እዚያ በኩል ያለውን ወለል እንደሸፈነ ይውላል። በሚያዝያ አጋማሽ ግን ከ6 እስከ 7 ሰዓት ባለው ጊዜ ፀሐይ አናት ላይ ትመጣለች፣ ብርሃን እስከ ወለሉ ይወርዳል። ለገና የሚሄድ ሰው ግማሹ ብሩህ ግማሹ ጨለማ የሆነውን ጉድጓድ በአንድ ፎቶ ለመያዝ ቢታገል ሰማዩ ነጭ ይሆንበታል። ጠዋት ማልዶ ወይም ደመና ሲሸፍን፣ ጉድጓዱ በሙሉ ጥላ ሲሆን በራው (ካሜራው ባልጨመቀው ፋይል) ማንሳት ይሻላል። ቤተ መድኃኔ ዓለምና ቤተ ማርያም ግን መከለያ ጣሪያ ተሠርቶላቸዋል፤ ብርሃኑ ቀኑን ሙሉ ለስላሳ ነው። ምሰሶዎቹ አያምሩም፣ ሰፊ ሌንስ ይዞ ቀርቦ መቆም ግን ከፍሬሙ ያስወጣቸዋል።

ውስጥ ሲገባ የሌንሱ እውነተኛ ጥንካሬ ይገለጣል። ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ ለጨለማ አይሆንም ብለው የሚተቹት አሉ፤ ሰው ለሚያነሳ ትችቱ ልክ ነው፣ ግድግዳ ለሚያነሳ ግን አይደለም። ግድግዳ አይንቀሳቀስም። መንቀጥቀጥ መከላከያው በርቶ፣ ክርን ከጎን ተጣብቆ፣ ትንፋሽ ተይዞ የሩብ ሰከንድ ምስል በ10 ሚሊሜትር ጥርት ብሎ ሊወጣ ይችላል፤ አምስት ስድስት ጊዜ ደጋግማችሁ አንሱና የተሻለውን ምረጡ። መነሻው አይኤስኦ (የሴንሰሩ የብርሃን ስሜት) 1600፣ ኤፍ 5.6 ይሁን። ፍላሽ ጭራሽ አይበራም፤ ሥዕሉ ላይ ያንጸባርቃል፣ የሚጸልየውንም ይረብሻል። ትራይፖድ ይዞ ከመግባት በፊት ቄሱን “አባ፣ ይፈቀዳል?” ብሎ መጠየቅ ነው፤ ከመጋረጃው ወዲያ ያለው መቅደስ ግን አይጠየቅበትም፣ አይነሳም።

የጎንደሩን የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ፣ እነዚያን ባለ ክንፍ የመላእክት ፊቶች፣ አንገት አጣምሞ በእጅ ማንሳት ሁልጊዜ ጠማማ ይወጣል። ከተፈቀደ ካሜራውን በጀርባው ወለሉ ላይ አስተኙት፤ ሌንሱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ያያል። አይኤስኦ 400፣ ኤፍ 8፣ መንቀጥቀጥ መከላከያው ጠፍቶ፣ የሁለት ሰከንድ መዘግየት ተደርጎ፤ የሻተሩን ፍጥነት ካሜራው ይምረጥ። ምንጣፍ ላይ ሰው ሲረግጥ ካሜራው ይነቃነቃልና እስኪያልፍ ጠብቁ። ዙሙን ከ10 ወደ 12 ወይም 13 ማምጣት ይበጃል፤ 10 ላይ ቀጥ ያሉት የጣሪያ እንጨቶች እንደ በርሜል ጎበጥ ይላሉ። ስክሪኑ ከታች ስለሚቀር በስልክ በካሜራ ኮኔክት መተግበሪያ ማየት ይቻላል።

የፋሲል ግንብ ላይ ደግሞ ሌንሱን አታውጡት። ግቢው ሰፊ ነው፣ መራቂያ አለ። በ10 ሚሊሜትር ግንቡ የሣር ሜዳ ዳር ላይ የተቀመጠ መጫወቻ ይመስላል፤ ቀርበው ሲያነሱት ደግሞ ማዕዘኑ ላይ ያሉት ክብ ማማዎች ወደ ፍሬሙ ጠርዝ ተለጥጠው የእንቁላል ቅርጽ ይይዛሉ። ይህን ማንም ሶፍትዌር በንጽሕና አይመልሰውም። ከ24 እስከ 35 ሚሊሜትር፣ ራቅ ብሎ፣ አበቃ።

የቀሩት እንከኖች፦ በሰፊው ቀዳዳ አራቱ ማዕዘን ይጨልማል፣ ኤፍ 8 ላይ ግን አብዛኛው ይጠፋል፤ ከኤፍ 16 በላይ ሁሉም ነገር ይለሰልሳል። ነጸብራቅ የሚቀንሰው ማጣሪያ ፖላራይዘር (ክሩ 67 ሚሜ ነው) በደጋው ሰማይ ላይ አንዱን ጎን ጥቁር ሰማያዊ አንዱን ነጣ ያደርገዋልና እቤት ይቅር። የፎከስ ቀለበቱ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ስለሆነ ካሜራው ካልበራ ቢሽከረከርም ምንም አይለወጥም። የፀሐይ መከላከያው ኢደብሊው-73ሲ ለብቻው ነው የሚገዛው፤ ግዙት፣ የፊቱን መስታወት ከግድግዳ ግጭትም ያድናል።

ያገለገለ የሚገዛ ሰው ሻጩ ፊት ሦስት ነገር ይሞክር። ፕላስቲኩ ቀለበት ላይ ስንጥቅ አለ ወይ? መንቀጥቀጥ መከላከያው ሲበራ ምስሉ በቀስታ ይረጋል ወይስ ይዘላል? ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል፦ ሴራሚክ የተለጠፈበት ግድግዳ ፊት ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ በ10 ሚሊሜትርና በኤፍ 4.5 አንስቶ፣ አራቱን ማዕዘን በስክሪኑ አጉልቶ ማየት። ሁሉም እኩል ከደበዘዙ ጤነኛ ነው፤ አንዱ ማዕዘን ብቻ ከሌሎቹ ተለይቶ ከደበዘዘ የውስጡ መስታወት ከቦታው ተዛብቷል፣ ምናልባት ሌንሱ ወድቆ ይሆናል፤ ምንም ያህል ቢረክስ ይቅርባችሁ። አዲሱን የካነን መስታወት አልባ ክሮፕ ካሜራ የያዘ ሰው ደግሞ አስማሚ ከመፈለግ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣውን፣ 150 ግራም ብቻ የሚመዝነውን አርኤፍ-ኤስ 10-18 ይመልከት።