ሲምሃቻላም ወይስ አሆቢላም? ናራሲምሃን ለማየት

ሁለቱም በህንድ አንድራ ፕራዴሽ ግዛት የሚገኙ፣ የሂንዱው አምላክ የቪሽኑ አንበሳ-ሰው መገለጫ የሆነው ናራሲምሃ የሚመለክባቸው ስፍራዎች ናቸው።

ሲምሃቻላም ለቪሻካፓትናም ከተማ ቅርብ ነው፤ መኪና ኮረብታው ላይ ድረስ ይወጣል። እዚህ ናራሲምሃ ከቪሽኑ የከርከሮ መገለጫ ከቫራሃ ጋር ተዋህዶ ስለሚመለክ ምስሉ የከርከሮ ራስ፣ የሰው አካልና የአንበሳ ጭራ አለው፤ ግን ዓመቱን ሙሉ በተፈጨ ሰንደል ስለሚለሰን የሚታየው ድቡልቡል ቅርጽ ብቻ ነው። ልስኑ ተነስቶ እውነተኛ መልኩ የሚገለጠው በአክሻያ ትሪቲያ ዕለት ነው። በዓሉ በጨረቃ አቆጣጠር ስለሚውል በሚያዝያና በግንቦት መካከል ይዋልላል፤ ቀኑን ሳያጣሩ ትኬት የቆረጡ ሰንደሉን ብቻ አይተው ይመለሳሉ። ያን ቀን ደግሞ ሰልፉ እጅግ ረጅም ነው።

አሆቢላም ቀን አይመርጥም፤ ጉልበት ግን ይፈልጋል። በናላማላ ተራሮች 9 የናራሲምሃ መቅደሶች ተበታትነዋል። ከእነሱ አንዱ ወደሆነው ጅዋላ የሚወስደው ድንጋያማ መንገድ በዝናብ ወቅት ያንሸራትታል፤ በማለዳ መጀመር ይበጃል። ጉልበቱ ላለው ምርጫችን አሆቢላም ነው።