በእስክሪብቶ ስም የተጻፈበት «ሃይብሪድ» ዘር እንዳትገዙ

ሰላም ጎረቤቶች። በተለይ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬና ገላን አካባቢ ሆናችሁ የጓሮ አትክልት ልትጀምሩ ላሰባችሁ ነው የምጽፈው። ብር ከማውጣታችሁ በፊት አንብቡልኝ።

ጥር ላይ ቴሌግራም ላይ «የጀማሪ ሙሉ ፓኬጅ» የሚል ማስታወቂያ አየሁ። ባለ 72 ቀዳዳ የችግኝ ትሪ፣ አንድ ጡብ ኮኮፒት (በአፈር ፋንታ ዘር የሚዘራበት የኮኮናት ቅርፊት ብናኝ)፣ አምስት ዓይነት ዘር። ዋጋው 1,800 ብር። ሻጩ «ሁሉም ሃይብሪድ (ሁለት ዝርያ ተዳቅሎ የተገኘ ዘር) ነው፤ መቶ በመቶ ይበቅላል» አለኝ። ደረሰኝ ስጠይቀው «በኋላ እልክልሻለሁ» ብሎ ሄደ። እስካሁን አልላከም።

ዘሩ የመጣው አፉ በሻማ በተጣበቀ ትንንሽ ላስቲክ ነው። ላዩ ላይ በእስክሪብቶ «ቲማቲም»፣ «ቃሪያ»፣ «ሽንኩርት» ተብሎ ተጽፏል። የዝርያ ስም የለም። የታሸገበት ቀን የለም። ያኔውኑ መመለስ ነበረብኝ።

ዘራሁት። ቲማቲም ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀት ካገኘ ከ5 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ብቅ ይላል። ቃሪያ ሁለት ሦስት ሳምንት ሊያስጠብቅ ይችላል። እኔ 25 ቀን ጠበቅሁ። ከ72ቱ የበቀሉት 6 ናቸው። ስደውልለት «ውሃ አብዝተሽበት ነው» አለኝ። እውነት ለመናገር አመንኩት። የጥር ሌሊት እኛ ጋ ይበርዳል፤ ምናልባት ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ስጨነቅ ከረምኩ።

በኋላ አንዲት ጎረቤቴ፣ ዕድሜ ልካቸውን የጎመንና የቃሪያ ችግኝ ሲያፈሉ የኖሩ እናት፣ «ልጄ፣ መጀመሪያ ዘሩን ፈትኚው» አሉኝ። ከተረፈው ቲማቲም 10 ፍሬ በእርጥብ ሶፍት ጠቅልዬ ላስቲክ ውስጥ ከተትኩ። ከሱቅ በታሸገ ፓኬት ከገዛሁት ዘርም 10 ፍሬ እንዲሁ አደረግሁ። ሁለቱንም ሞቅ ያለ ቦታ፣ ወጥ ቤት አስቀመጥኳቸው። በ9ኛው ቀን ከታሸገው 9 በቅሏል። ከሰውዬው ዘር 1። ሽንኩርቱ ጭራሽ ዜሮ። የሽንኩርት ዘር ቶሎ ነው የሚሞተው። በደንብ ካልተቀመጠ ከአንድ ሁለት ዓመት በላይ አትመኑት።

ከፓኬጁ ጋር የመጣችው የመመሪያ ወረቀት ደግሞ የባሰች ናት። ካሮትን ትሪ ላይ አፍልታችሁ አዛውሩ ትላለች። ካሮት እኮ የሚበላው ሥሩ ነው! ሲነቀልና ሲተከል ሥሩ ይጣመማል፣ ይከፋፈላል። እዚያው በሚያድግበት መደብ ነው የሚዘራው። ይህን የማያውቅ ሰው ዘር መሸጥ የለበትም።

ያው ሻጭ የደረሰ ችግኝም በ25 ብር ይሸጣል። 10 ገዛሁ። ግንዳቸው ቀጭን፣ ቁመታቸው የተመዘዘ፣ ቅጠላቸው የገረጣ። ብርሃን ሳያገኝ ጥላ ውስጥ ያደገ ችግኝ እንዲህ ነው የሚሆነው። በዚያ ላይ ፀሐይና ንፋስ አልለመዱም። በተከልኳቸው በሦስተኛው ቀን 8ቱ ተኙ። ችግኝ ከመተከሉ በፊት ከ7 እስከ 10 ቀን እየወጣ፣ በየቀኑ ሰዓቱ እየተጨመረለት መላመድ አለበት። ስትገዙ አጠር ያለ፣ ግንዱ ወፈር ያለ፣ ቅጠሉ ደንበኛ አረንጓዴ የሆነውን ምረጡ። አበባ ያወጣ ችግኝ ደስ ቢልም ተዉት። ተከላውም ፀሐይ ሲበርድ፣ ወደ 11 ሰዓት ይሁን።

«ሃይብሪድ» የሚለው ቃልም አያታልላችሁ። ሃይብሪድ ዘር ውድ ስለሆነ አምራቹ ራሱ አሽጎ፣ የዝርያውን ስምና የመብቀል አቅሙን ጽፎ ነው የሚያወጣው። በማንኪያ እየተሰፈረ በላስቲክ አይሸጥም። ደግሞ ለጀማሪ የግድ አይደለም። ከመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት መልካ ሾላና መልካ ሳልሳ ቲማቲሞች፣ ማረቆ ፋና በርበሬም አሉ። ሃይብሪድ ስላልሆኑ ከእነዚህ ለከርሞ የራሳችሁን ዘር ማስቀረት ትችላላችሁ።

ደረሰኝ ሳትይዙ አትክፈሉ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል። እኔ ግን በእጄ ወረቀት ስለሌለ የት ሄጄ ልከራከር?

ትናንት ያው ማስታወቂያ በሌላ ስም ሲዞር አየሁ። ፎቶው አልተቀየረም፤ ዋጋው 2,200 ገብቷል። ቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ ትሪው ላይ ሳትዘሩ ዛሬውኑ 10 ፍሬ በሶፍት ሞክሩ።