ያገለገለ ቲንክፓድ ቲ480 እና የስትራቴጂ ጨዋታ፦ የደሴ ምሽቶች ግምገማ

ይህን ላፕቶፕ ለሥራ እንደምገዛው ለቤተሰብ ስናገር አልዋሸሁም፤ ቀን ቀን የሂሳብ ሰነድ ይሠራበታል። ከመስከረም ወዲህ ግን አብዛኛውን ምሽት ያሳለፈው ከተማ ሲቆረቁር፣ ክተት ሲያውጅና ድንበር ሲያስፋፋ ነው። እዚህ የምጽፈውም ስለ ምሽቱ ሥራው ነው። ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ፣ ደሴ ውስጥ፣ መብራት በሚሄድበትና በሚመጣበት ቤት፣ ስትራቴጂ ጨዋታ ለሚወድ ሰው ይሆናል ወይ? ተራ በተራ ለሚጫወቱት ጨዋታዎች በሚገባ ይሆናል፤ በዚህ ዋጋ ከዚህ የተሻለ አላየሁም። ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ለሚንቀሳቀስባቸው ጨዋታዎች ግን እስከ አንድ ደረጃ ድረስ ብቻ ነው የሚያዘልቀው። ዋጋውን የማልጠቅሰው ምንዛሪው በተነቃነቀ ቁጥር አብሮ ስለሚነቃነቅ ነው፤ ዛሬ የጻፍኩት ቁጥር በሚቀጥለው ወር ገዢ ያሳስታል።

ማሽኑ በ2018 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የወጣ ነው። የእኔው ኢንቴል ኮር አይ 5-8250ዩ ፕሮሰሰር አለው፣ ባለ አራት ኮር። ስክሪኑ 14 ኢንች ሲሆን ጥራቱ 1920 በ1080 ነው። ይህ ሞዴል 1366 በ768 በሆነ ስክሪንም ስለሚገኝ ከመግዛት በፊት አብርቶ ማየት ያስፈልጋል፤ በዚያኛው ስክሪን የጨዋታው የትእዛዝ ሰሌዳዎች ካርታውን ይሸፍኑታል። ለብቻው የተሠራ ግራፊክስ ካርድ የለውም። ምስሉን የሚሠራው ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ ያለው ኢንቴል ዩኤችዲ 620 ነው። ሻጩም ይህን አይቶ ነው “ወንድሜ፣ ይህ የቢሮ ነው፤ ጌም አይችልም” ያለኝ። ወጣቶች የሚሻሙበትን የእግር ኳስና የተኩስ ጨዋታ አስቦ ከሆነ እውነቱን ነው።

ስትራቴጂ ግን ሌላ ዓለም ነው። ተራ በተራ በሚጫወቱት ጨዋታ ምስሉ በሰከንድ 60 ጊዜ ቢታደስም 25 ጊዜ ቢታደስም ጦሩ የቆመበት ቦታ አይለወጥም፤ ጣት ዘግይቶ የሚያመልጥ ጠላት የለም። ሸክሙ የሚያርፈው ኮምፒውተሩ በተቃዋሚዎቹ ፈንታ በሚያስብባት ቅጽበት ላይ ነው፤ እርሱ ደግሞ የፕሮሰሰሩ ሥራ ነው። የቢሮ ላፕቶፖች ደህና አድርገው የሚይዙትም ፕሮሰሰር ነው።

አንድ ለውጥ ግን አስፈልጎታል። ስገዛው 8 ጊጋባይት ራም (ማሽኑ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ሜሞሪ) በአንድ ቁራጭ ብቻ ነበረው፣ ሁለተኛው የራም ቦታ ባዶ ነበር። ዩኤችዲ 620 የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው ከራሙ ላይ ተበድሮ ነው የሚሠራው። ራሙ በአንድ መስመር ብቻ ሲደርሰው ሥራው ይጓተታል፤ በሁለት መስመር ሲደርሰው ይፈታል። ሌላ 8 ጊጋባይት ጨምሬ ጎን ለጎን ካስቀመጥኩ በኋላ ካርታውን ስጎትት የነበረው መንቀራፈፍ በግልጽ ቀነሰ። ለዚህ ማሽን ትርፍ ገንዘብ ያለው ሰው ከሁሉ አስቀድሞ እዚህ ላይ ያውጣ።

አብዛኛውን ጊዜ የምጫወተው ሲቪላይዜሽን 6ን ነው፣ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣውን። የምስል ጥራቱን ዝቅተኛ ላይ አድርጌ፣ የወታደሮቹን ጉዞና ውጊያ እየዘረዘረ ከማሳየት ይልቅ ውጤቱን ወዲያው የሚያሳዩትን ሁለት ምርጫዎች ከፍቻለሁ። ካርታውን ወደ ጠፍጣፋ ሥዕል የሚቀይር ሌላ እይታም አለ፤ ባትሪ ሲያልቅ ወደ እርሱ እሸሻለሁ። በእነዚህ ማስተካከያዎች ላፕቶፑ ከጥንቱ ዘመን እስከ ባሩድ ዘመን ያለ ቅሬታ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ፣ በተለይ በትልቅ ካርታ ላይ ብዙ ተቃዋሚ ከተመረጠ፣ የእኔን ተራ ጨርሼ ተራው እስኪመለስልኝ ድረስ ያለው ጊዜ እየረዘመ ይመጣል። ከጀበናው ቀድቼ፣ ስኒውን ለእናቴ አቀብዬ፣ ተመልሼ ስቀመጥ ገና “እባክዎ ይጠብቁ” የሚል ዓይነት መልእክት ላይ አገኘዋለሁ። መፍትሔው ትንሽ ካርታና ጥቂት ተቃዋሚ ነው። እንዲያውም ጨዋታው በጠበበ መሬት ላይ ይበልጥ ይሞቃል፤ ጎረቤት ሲቀራረብ ጠብም ውልም ይበዛል።

ስለ ይዘቱ ዝም ብዬ አላልፍም፤ ወሎ ተቀምጦ ይህን ጨዋታ መጫወት የራሱ ጣዕም አለው። በሐምሌ 2020 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢትዮጵያ ተጨማሪ ጥቅል ዳግማዊ ምኒልክን መሪ አድርጎ ያቀርባል፤ ንጉሡም በአማርኛ ይናገራሉ። ኮረብታ ላይ የተቆረቆረ ከተማ ከእምነት ከሚያገኘው ገቢ 15 በመቶ ያህል ሳይንስና ባህል ይጨመርለታል፤ ኮረብታ ላይ የሚዋጋ ጦርም ተጨማሪ ጉልበት አለው። ከደሴ በላይ ባለው በጦሳ ተራራ ሥር ላደገ ሰው ይህ ሕግ ማብራሪያ አያሻውም። ከአለት የሚፈለፈለው ቤተ ክርስቲያንም አለ፤ በዙሪያው ባሉት ተራሮችና ኮረብታዎች ብዛት እምነትን ይጨምራል። እናቴ በስክሪኑ ላይ ስታየው “ላሊበላን ማን አስገባው?” ብላ ጠየቀች። ልዩ ጦሩ የኦሮሞ ፈረሰኛ ነው፤ ኮረብታ ሲወጣ ጉዞው አይዘገይም። የወሎን ፈረሰኛ ወግ ከአያቶቹ የሰማ ሰው እዚህ ላይ ፈገግ ሳይል አያልፍም።

ጨዋታው ያልገባው ነገር ደግሞ አለ። በ1888 ዓ.ም. የአድዋ ዘመቻ ጊዜ ከየአቅጣጫው የመጣው ሠራዊት ወረኢሉ ላይ ነበር የተሰባሰበው። የዘመቻው ብልሃት ግማሹ እዚያ ነው፦ ብዙ ሕዝብ በአንድ ቦታ በቀጠሮ ማገናኘት፣ ማብላት፣ ከዚያም አንድ ላይ ማንቀሳቀስ። ሲቪላይዜሽን 6 ግን በመሠረቱ በአንድ የካርታ ሰሌዳ ላይ አንድ ተዋጊ ጦር ብቻ ነው የሚፈቅደው። ስለዚህ የምኒልክን ጦር ይዞ ወረኢሉን መሥራት አይቻልም፤ ሠራዊቱ በጠባብ ሸለቆ ውስጥ በሰልፍ ይጨናነቃል። ይህ የላፕቶፑ ጥፋት አይደለም፤ ግን ባልናገረው ያንቀኛል። የኮምፒውተሩ መሪዎች ወዳጅነት አውጀው፣ ጊዜው ባለፈ ማግስት ጦር ሲያዘምቱ ግን ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ውጫሌ ትዝ ትለኛለች፤ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል መጨረሻውም ጦርነት ነበር።

ሁለተኛው ጨዋታዬ ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 ነው፤ የላፕቶፑ ድንበር የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። ጨዋታው በመጀመሪያ በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን፣ ኢትዮጵያውያን የገቡበት በ2015 እ.ኤ.አ. በአፍሪካ መንግሥታት ማስፋፊያ ነው፤ እኔ የምጫወተው በ2019 እ.ኤ.አ. የታደሰውን ነው። የኢትዮጵያ ቀስተኞች ከሌላው 18 በመቶ ፈጥነው ይወረውራሉ፣ ልዩ ጦራቸው ሾተል ታጣቂ ነው፣ የዮዲት ዘመቻም አለ። ሠራተኞቹንና ወታደሮቹን ስትጫኗቸው በአማርኛ ነው የሚመልሱት። መጀመሪያ ቀን እናቴ ከጓዳ ሆና ድምፁን ስትሰማ እንግዳ የመጣ መስሏት “ግቡ፣ ኧረ ግቡ” አለች። የጨዋታው ጽሑፍ ግን በእንግሊዝኛ ነው፤ አማርኛ ከቋንቋ ምርጫዎቹ መካከል የለም።

ይህ ጨዋታ ተራ አይጠብቅም። እኔና አንድ ተቃዋሚ፣ ወይም ሁለት ለሁለት ስንሆን ላፕቶፑ ያለ ችግር ይይዘዋል። ስምንት ተጫዋች ሆኖ እያንዳንዱ 200 ሰውና ጦር ሲሞላ፣ በዚያ ላይ ከበባው ሲጀመር፣ ምስሉ ይቆራረጣል። በኢንተርኔት ከጓደኞች ጋር ሲሆን ደግሞ የባሰ ሐፍረት አለው፦ ሁሉም ማሽኖች እኩል መሄድ ስላለባቸው አንዱ ሲደክም የሁሉም ጨዋታ ይንቀራፈፋል። አዲስ አበባ ያሉት ጓደኞቼ ጨዋታው ሲጎተት “ወሎዬው ደረሰ” ማለት ለምደዋል።

ለአማርኛ ጸሐፊዎች አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። አማርኛ ኪቦርድ ዊንዶውስ ላይ የጫነ ሰው ቋንቋ የሚቀይረው ብዙውን ጊዜ በኦልትና ሺፍት ነው። በጨዋታው ውስጥ ደግሞ ሺፍት ትእዛዝ ለመደርደር ስለሚያገለግል ጣት በድንገት ሁለቱን አንድ ላይ ይጫናል። ከዚያ ኪቦርዱ ወደ አማርኛ ይዞር እና የአቋራጭ ፊደሎቹ ሥራ ያቆማሉ፤ ጠላት በር ላይ ቆሞ እያለ። ይህን የቋንቋ መቀየሪያ አቋራጭ ከዊንዶውስ ማስተካከያ ውስጥ ማጥፋት ወይም በሌላ መተካት ይበቃል።

አሁን ወደ መብራቱ። ይህን ሞዴል ከሌላው አስበልጬ የመረጥኩበት ምክንያት ሁለት ባትሪ ያለው መሆኑ ነው። አንዱ ውስጡ የተገጠመ ባለ 24 ዋት ሰዓት ነው (ዋት ሰዓት ባትሪው የሚይዘው ኃይል መለኪያ ነው)፤ ሌላው ከኋላ የሚነቀል ነው። የውጭው ሲያልቅ ላፕቶፑን ሳያጠፉ ነቅሎ ሌላ መሰካት ይቻላል፤ የውስጡ እስከዚያ ይሸከመዋል። መብራት ሲጠፋ ጎረቤቱ ሁሉ “ሄደ!” ብሎ ሲጮህ የእኔ ስክሪን ትንሽ ደብዘዝ ይላል እንጂ ዘመቻው አይቋረጥም። ዴስክቶፕ ለነበረውና ሳይመዘግብ ብዙ ግዛት ላጣ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሁለቱም ባትሪዎች ባለ 24 ዋት ሰዓት ሲሆኑ፣ ያረጁ መሆናቸውም ተጨምሮ፣ ተራ በተራ ጨዋታ ላይ ከአንድ ሰዓት ተኩል ብዙም አይዘልቁም። ባትሪ ለማራዘም የሚጠቅመው ነገር ዊንዶውስ ላይ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ ጉልበት ከ100 ወደ 99 በመቶ ማውረድ ነው። አንድ በመቶ ብቻ ትመስላለች፤ ነገር ግን ፕሮሰሰሩ ራሱን ከመደበኛው ፍጥነት በላይ የሚያስሮጥበትን አሠራር ታጠፋለች። ማራገቢያው ዝም ይላል፣ ባትሪው ይቆያል፣ የተቃዋሚዎቹ ተራ ግን ትንሽ ይረዝማል።

ላፕቶፑ ቢተርፍም ራውተሩ ከመብራቱ ጋር ይሞታል። የኢንተርኔት ግጥሚያ እዚያ ላይ ያበቃል። በዚህ ጊዜ እኔና የእህቴ ልጅ ሲቪላይዜሽንን በአንድ ላፕቶፕ ላይ እየተቀባበልን እንጫወታለን፤ ጨዋታው ለዚህ የተዘጋጀ አሠራር አለው። ተራውን ጨርሶ “ጋሼ፣ እንካ” ብሎ ያቀብለኛል፤ እኔ ሳስብ እርሱ ፊቱን ያዞራል ተብሎ ይጠበቃል፣ አያዞርም። ማውስም አያስፈልግም፤ በኪቦርዱ መሐል ያለችው ቀይ ጉብታ ለዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ትበቃለች። ለኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ግን ያለ ማውስ መቀመጥ በባዶ እጅ መዝመት ነው።

ሙቀቱ እንደየአገሩ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ ማራገቢያ የሚነዳው አየር ያንሳል፣ ብርዱ ግን ያካክሰዋል። በክረምት ጉም ሲወርድ ላፕቶፑን ጭን ላይ ማድረግ ደስ ይላል፣ ጋቢው የአየር ቀዳዳውን እስካልዘጋ ድረስ። ይዤው ኮምቦልቻ ስወርድ፣ ከ25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በኋላ፣ ያው ጨዋታ በያው ማስተካከያ ማራገቢያውን ያስጮኸዋል፤ ፕሮሰሰሩም ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ከፕሮሰሰሩ ላይ ሙቀት የሚያስተላልፈውን አሮጌ ቅባት (ተርማል ፔስት) አስጠርጌ በአዲስ ካስቀየርኩ ወዲህ ኮምቦልቻም ላይ ይቻላል።

ጨዋታ ማግኘቱ ራሱን የቻለ ዘመቻ ነው። ክፍያው በውጭ ካርድ ስለሆነ ሁለቱን ጨዋታዎች ውጭ የሚኖር ዘመድ በቅናሽ ጊዜ በስጦታ ላከልኝ። ማውረዱ ብዙ ጊጋባይት ይበላል፣ ከዚያም ማሻሻያው አያልቅም። ይህ የማይመቸው ሰው ነፃ የሆኑትን ይሞክር፦ ዌስኖት ተራ በተራ የሚጫወቱት፣ ቀላል፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ጨዋታ ነው፤ ዜሮ ኤ.ዲ. ደግሞ የኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ዓይነት ሆኖ የኩሽ መንግሥትን ያካተተ ነው። ዌስኖት በዚህ ላፕቶፕ ላይ ማራገቢያውን እንኳ አያስነሳም።

ድምፁ ከሆዱ ሥር ስለሚወጣ ለስላሳ ነገር ላይ ሲቀመጥ ይታፈናል፤ ጆሮ ማዳመጫ ይሻላል። ስክሪኑም በረንዳ ላይ ፀሐይ ሲመታው አይነበብም፣ ግን በፀሐይ ቁጭ ብሎ ኢምፓየር የሚመራ ሰው ሥራ ይፈልግ። ግዙፍ ውጊያ በሙሉ ምስል ጥራት ማየት የሚፈልግ ሰውም ይህን አይግዛ፤ ለብቻው ግራፊክስ ካርድ ያለውን ይፈልግ፣ የባትሪውን አጭርነትም ይቀበል።

የሚቀጥለው ወጪዬ ከኋላ የሚሰካው ባለ 72 ዋት ሰዓት ባትሪ ነው። ላፕቶፑን ከኋላ ትንሽ ከፍ ያደርገዋል፤ ለአየሩ መግቢያም ይመቻል። እዚሁ ደሴ ሰኞ ገበያና ፒያሳ አካባቢ ጠይቄ ያገኘሁት ያገለገለ ብቻ ስለሆነ፣ አዲስ አበባ ለሚሄድ ወዳጄ ገንዘቡን አስይዤ አደራ ብያለሁ።