«ሁሉም የተሟላለት» ተብሎ የሚሸጥ አሮጌ የሎኮሞቲቭ ኪት እንዳትገዙ

በብሪታንያና በአውሮፓ የምትኖሩ፣ የባቡር ሞዴል ከኪት፣ ማለትም በሣጥን ከሚሸጡ ተገጣጣሚ ክፍሎች፣ መሥራት የምትወዱ ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ገንዘባችሁ በከንቱ እንዳይቀልጥ ነው። በኢንተርኔት ገበያ ላይ «ሁሉም የተሟላለት፣ ለመገጣጠም ዝግጁ» እየተባሉ የሚቀርቡ አሮጌ የነሐስ ኪቶች አሉ። ከእነዚህ አንዱ እጄ ገብቷል፤ ሣጥኑ ውስጥ የነበረው ከማስታወቂያው ጋር አይገናኝም። የሻጩን ስም አልጠራም። አሠራሩን ካወቃችሁ ሌላውም ቢሞክርባችሁ አይሳካለትም።

የተሸጠልኝ የብሪታንያው ክላስ 08 የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ኪት ነው ተብሎ ነበር። ክላስ 08 በባቡር ጣቢያ ግቢ ውስጥ ፉርጎዎችን እየገፋና እየጎተተ የሚደረድር ባለስድስት ጎማ ሠራተኛ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1952 እስከ 1962 ድረስ 996 ተሠርተዋል፤ ሞተሩ 350 የፈረስ ጉልበት አለው፤ አንዳንዶቹ ዛሬም ከሥራ አልወጡም። የለገሃርንና የድሬዳዋን ባቡር እያየን ላደግን ሰዎች ከፈጣኑ የመንገደኞች ባቡር ይልቅ እንዲህ ያለው ልፋተኛ ሎኮሞቲቭ ልብ ይስባል። ኪቱ የተሠራው በ76 እጥፍ አንሶ 16.5 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ሐዲድ ላይ እንዲሄድ ነው።

ሣጥኑ ሲከፈት በአሲድ የተቀረጹ የነሐስ ዝርጎች፣ በጨርቅ የተጠቀለሉ የነጭ ብረት (በቀላሉ የሚቀልጥ ቅይጥ) ቅርጾች፣ ጥቂት ሽቦ፣ ፎቶ ኮፒ የተደረገ መመሪያ። ጎማ የለም። ሞተር የለም። ማርሽ የለም። እዚህ ላይ በሐቀኛ አምራቾች ላይ ፍርድ ማጓደል አልፈልግም፦ የነሐስ ኪት አዲስም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ያለ ጎማና ያለ ሞተር ነው የሚሸጠው፤ ነገር ግን አምራቹ ይህንን በግልጽ ይጽፋል፣ ዋጋውንም በዚያው ልክ ያደርገዋል። የእኔው ሻጭ ግን «ከዚህ ሌላ ምንም መግዛት አያስፈልግም» ብሎ ጽፎ የሙሉ ኪት ዋጋ ተቀብሏል። ጎማው፣ ሞተሩ፣ የማርሽ ሣጥኑና ክራንኩ (ማገናኛ ዘንጉ የሚያያዝበት ክንድ) ለየብቻ ሲገዙ ሒሳቡ የሣጥኑን ዋጋ ያህል ይጨምራል። በዚያ ገንዘብ ከፋብሪካ ተገጣጥሞና ቀለም ተቀብቶ የወጣ ክላስ 08 መግዛት ይቻላል።

የመመሪያው ዕድሜም ራሱን የቻለ ወጪ ነው። ብዙዎቹ አሮጌ መመሪያዎች የጃፓኑን የማሺማ ሞተር ግጠሙ ይላሉ፤ ያ ሞተር ግን መመረት ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። ሌላ ሞተር ሲፈለግ ደግሞ ርዝመቱ፣ የዘንጉ ውፍረትና ማርሹ አብረው ይለወጣሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ወለሉን መቁረጥ ግድ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ግን ከማገናኛ ዘንጎቹ ጉዳይ ጋር ሲተያይ ቀላል ነው። በክላስ 08 ጎን ሦስቱን ጎማዎች የሚያያይዝ ዘንግ አለ። የመጀመሪያው ጎማ ከሁለተኛው፣ ሁለተኛውም ከሦስተኛው ያላቸው ርቀት በእውነተኛው ሎኮሞቲቭ ላይ እኩል ነው፤ በዚህ ሞዴል ልኬት 23 ሚሊሜትር ይሆናል። ዘንጉን በሻሲው ላይ አስተኝቼ ቀዳዳ ለቀዳዳ ሳስተያየው የመጀመሪያው ገጠመ፣ ሁለተኛው ፈቀቅ አለ፣ ሦስተኛው ጭራሽ ከቦታው ወጣ። ከዚህም በላይ በዝርጉ ላይ አራተኛ ቀዳዳ ያለው ተጨማሪ ዘንግ ተቀርጿል። ክላስ 08 አራተኛ ቀዳዳ ምን ያደርግለታል? ናፍጣው ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ኤሌክትሪኩ አክስሎቹን (የግራና የቀኝ ጎማዎችን የሚያገናኙትን ብረቶች) የሚያዞሩትን ሞተሮች ያንቀሳቅሳል፤ ከሦስቱ ጎማዎች ሌላ ከዘንጉ ጋር የሚያያዝ ነገር የለውም። አራተኛ ቀዳዳ የሚያስፈልገው እንደ ክላስ 03 ላለው አነስተኛ ሎኮሞቲቭ ነው፤ በእሱ የሞተሩ ኃይል በማርሽ አልፎ ከኋለኛው ጎማ በስተጀርባ ወዳለ ተሻጋሪ ዘንግ ይደርሳል፣ ከዚያም ወደ ጎማዎቹ ይተላለፋል። ሣጥኑ ከሁለት የተለያዩ ኪቶች ትርፍራፊ የተሞላ ነበር ማለት ነው።

ይህን ያህል የማካብደው ያለ ምክንያት አይደለም። በግራና በቀኝ ያሉት ክራንኮች እርስ በርሳቸው የ90 ዲግሪ ልዩነት ይዘው በሦስቱም አክስሎች ላይ አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። የዘንጉ ቀዳዳ ከአክስሉ ርቀት በጥቂቱ እንኳ ከተዛነፈ ጎማው በየዙሩ አንድ ቦታ ላይ ይያዛል፤ ሞተሩ ያቃስታል፣ ሎኮሞቲቩ እያነከሰ ይሄዳል። በክላስ 08 ይህ ይብሳል፤ ሻሲው ከጎማዎቹ ውጭ ስለሆነ አክስሉ ሻሲውን አልፎ ይወጣና ክራንኩ ከውጭ ጫፉ ላይ ይገጠማል። ተራ አክስል አይደርስም፤ ረጅም አክስልና የተለየ ክራንክ ያስፈልጋል። ቀዳዳውን በሞረድ አስፍቶ ማለፍ የሚቻለው ልዩነቱ የፀጉር ያህል ሲሆን ነው። የሌላ ሎኮሞቲቭ ዘንግ ግን ቢሞርዱትም ቢበይዱትም አይሆንም።

ለሻጩ ፎቶግራፎቹን ልኬ ገንዘቤን ስጠይቅ መጀመሪያ «ሞዴል መገጣጠም ልምድ ይጠይቃል» አለኝ። ቀጥሎ «የተከፈተ ኪት አይመለስም» አለ። በመጨረሻም መልስ መስጠት አቆመ። ሰውን አሳፍሮ ዝም የማሰኘት ዘዴ ስለሆነ በተለይ የመጀመሪያው መልስ አናዶኛል፤ ጀማሪ የሆነ ሰው ጥፋቱን ከራሱ ቆጥሮ ሣጥኑን ቁም ሣጥን ውስጥ ይከተዋል።

«የተከፈተ አይመለስም» የሚለው ደግሞ በሕግ አይጸናም። በብሪታንያ ከነጋዴ በኢንተርኔት የተገዛ ዕቃ ከደረሳችሁ በኋላ በ14 ቀናት ውስጥ ምክንያት ሳትሰጡ ውሉን መሰረዝ ትችላላችሁ። በሱቅ ውስጥ እንደሚደረገው ሁሉ ሣጥኑን ከፍቶ ማየት መብታችሁን አያስቀርም፤ ከዝርጉ ላይ ክፍሎችን ቆርጣችሁ ወይም አጥፋችሁ ከሆነ ግን ሻጩ ከገንዘባችሁ ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ ሁሉንም ነገር ቆጥራችሁና ለክታችሁ ሳትጨርሱ አንድም ክፍል አትቁረጡ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 የወጣው የሸማቾች መብት ሕግም አለ፦ ነጋዴው የሸጠው ዕቃ እንደተገለጸው ካልሆነ በ30 ቀናት ውስጥ መልሳችሁ ሙሉ ገንዘባችሁን መውሰድ ትችላላችሁ። ሻጩ ነጋዴ ሳይሆን የግል ሰው ከሆነ የ14 ቀኑ መብት አይሠራም፤ ሆኖም ዕቃው ማስታወቂያው ላይ ከተጻፈው ጋር መስማማት አለበት። ነጋዴ ሆነው ሳለ እንደ ግል ሻጭ የሚቀርቡም ስላሉ በስሙ ስንት ዕቃ እንደሚሸጥ ተመልከቱ።

የእኔን ገንዘብ ያስመለሰልኝ ሻጩ አይደለም፣ የክሬዲት ካርድ ድርጅቱ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974 የወጣው የብሪታንያ የሸማቾች ብድር ሕግ አንቀጽ 75 እንደሚለው ከ100 ፓውንድ በላይና እስከ 30,000 ፓውንድ ዋጋ ያለውን ዕቃ በክሬዲት ካርድ ከከፈላችሁ ካርዱን የሰጠው ድርጅት ከሻጩ ጋር እኩል ተጠያቂ ነው። የማስታወቂያውን ቅጂ፣ የዘንጉንና የሻሲውን ፎቶግራፍ ከማስመሪያ ጋር፣ የተለዋወጥነውን መልእክት አያይዤ ነበር ያመለከትሁት። ማስታወቂያውን ገና ከመክፈላችሁ በፊት ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡት፤ በኋላ ይለወጣል ወይም ይጠፋል። «በባንክ በቀጥታ ብትልክ ዋጋ እቀንሳለሁ» የሚላችሁን አትቀበሉ። የሚቀነሰው ዋጋ የመከላከያችሁ ዋጋ ነው።

አሮጌ ኪት ጨርሶ አትግዙ አልልም፤ ከእነሱ መካከል ዛሬ የማይገኙ ግሩም ሥራዎች አሉ። ከመክፈላችሁ በፊት ግን ሻጩን ጠይቁት። ጎማ፣ ሞተር፣ ማርሽና ክራንክ እያለ በስም ዘርዝሮ ይጻፍላችሁ። ማገናኛ ዘንጉን በሻሲው ላይ አስተኝቶ፣ አጠገቡ ማስመሪያ አድርጎ ፎቶ ይላክላችሁ። ሻሲው ለየትኛው የሐዲድ ስፋት፣ ለ16.5፣ ለ18.2 ወይስ ለ18.83 ሚሊሜትር፣ እንደተሠራ ይንገራችሁ። ነሐሱ ታጥፎ ተመልሶ የተቃና ቦታ እንዳለውም ጠይቁ፤ የማጠፊያው መስመር በአሲድ የሳሳ ስለሆነ ሁለተኛ ሲታጠፍ ይሰበራል። የነጭ ብረቱን ቅርጽ ከልጆች አርቁት፤ በአሮጌዎቹ ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል። በተራ መበየጃም አትንኩት፣ ዓይናችሁ እያየ ይቀልጣል፤ በ70 ዲግሪ የሚቀልጠው ልዩ የብየዳ ብረትና ሙቀቱ የሚስተካከል መበየጃ ይፈልጋል።

እንዲህ ያለ ሣጥን በቅርቡ የደረሳችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ አውጥታችሁ ዘንጉን በሻሲው ላይ አስተኙት። ካልገጠመ ለሻጩ በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ አስታውቁ፣ ቀኑንም ጻፉበት። የ30 ቀኑ ጊዜ እየሄደ ነው።