የልብስ ሳሙና፦ ቤት ውስጥ መሥራት ያዋጣል ወይስ መግዛት?

የልብስ ሳሙና ቤት ውስጥ ሠርቶ ገንዘብ መቆጠብ ይቻላል፤ ቅባቱ በነጻ ከተገኘ። ዘይት ከሱቅ ገዝቶ ሳሙና የሚሠራ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ይከስራል። ሒሳቡ ይኸው፦ አንድ ኪሎ የቀለጠ ሞራ ወደ 135 ግራም ኮስቲክ ሶዳ (ቅባቱን ወደ ሳሙና የሚለውጠው ኃይለኛ ኬሚካል) እና 300 ግራም ያህል ውሃ ይፈልጋል። ሳሙናው ሲደርቅ ከ1.2 ኪሎ ብዙም አይርቅም፤ በ200 ግራም ቢቆረጥ 6 ፍሬ መሆኑ ነው። እንግዲህ ሰፈራችሁ ሱቅ ሄዳችሁ የ6 ፍሬ ዋጋ ጠይቁ። የአንድ ኪሎ ቅባትና የሶዳው ወጪ ተደምሮ ከዚያ ካልወረደ አትልፉ። ስታነጻጽሩ ታዲያ ማሸጊያው ላይ ያለውን ግራም እዩ፤ ርካሽ የተባለው ፍሬ ብዙ ጊዜ ትንሹ ነው።

ነጻ ቅባት ከየት ይመጣል? ለፋሲካ በግ ሲታረድ ወይም ቅርጫ ሲገባ ሞራው ይተርፋል። ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ የሚጠብሱ ቤቶችም ያረጀ ዘይት ይደፋሉ። ሞራው ይከተፍና ከውሃና ከትንሽ ጨው ጋር በዝግታ ቀልጦ ይጠለላል፤ ሲበርድ ከላይ የሚረጋው ነጩ ብቻ ይወሰዳል። ከሞራ የሚወጣው ሳሙና ጠንካራ ነው፣ ቶሎ አያልቅም። ከሱፍ ዘይት የተሠራው ለስላሳ ስለሆነ ሳፋ ውስጥ ከተረሳ ይሟሟል፤ ሶዳውም ለኪሎ ወደ 128 ግራም ዝቅ ይላል። የተጠበሰበት ዘይት ሽታው አንዳንዴ ሳሙናው ላይ ይቀራል። ለሥራ ልብስና ለመወልወያ ጨርቅ ይሁን፣ ለአንሶላ ግን እኔ አልመርጠውም።

ሌላው ዋጋ ሶዳው ነው። ቆዳ ይልጣል፣ ዓይን ያጠፋል፤ ስለዚህ ጓንትና መነጽር ግድ ነው፣ ልጆችም አጠገቡ አይድረሱ። ሶዳው ቀስ እያለ ውሃው ላይ ይጨመራል እንጂ ውሃ ሶዳ ላይ አይፈስም፤ ይፈላና ይረጫል። በአሉሚኒየም ድስት እንዳትሞክሩት፦ ሶዳው ድስቱን ይበላዋል፣ ተቀጣጣይ ጋዝም ይወጣዋል። ጠንካራ የፕላስቲክ ባልዲ ይሻላል። በግምት ወይም በጣሳ መስፈርም አይሠራም። ሳሙናው እጅ የሚያቃጥለው የተረፈ ሶዳ ሲኖርበት ነው። ቅባቱና የሶዳው ውሃ ለብ ብለው ይቀላቀሉና እንደ አጥሚት እስኪወፍር ይማሰላሉ፤ አንድ ሁለት ቀን ቅርጽ ውስጥ አድሮ ይቆረጣል፣ ከዚያ ከ4 እስከ 6 ሳምንት አየር ላይ ይደርቃል። ጊዜ የሌለው ሰው ደረቅ ሳሙና ከሱቅ ይግዛ። ለኮሌታና ለእጅጌ ማሸት እሱም ያው ነው።

ኦሞም ሆነ ሌላ ዱቄት ሳሙና ደረቁን ሳሙና የሚያሸንፈው በውሃው ዓይነት ነው። የጉድጓድ ውሃ ብዙ ካልሲየምና ማግኒዚየም ካለበት ደረቅ ሳሙና አረፋ አይሰጥም፤ ግራጫ እድፍ ሆኖ ልብሱ ላይ ይለጠፋል። ውሃችሁን ለመፈተን ጥቂት የሳሙና ፍቅፋቂ በውሃ ጠርሙስ ውስጥ ጨምሮ መነቅነቅ ነው። አረፋው ጥቂት፣ ውሃው ደግሞ ወተት መስሎ ከደፈረሰ ሳሙና መሥራቱን ተዉት። ለልብስ ማጠቢያ ማሽንም ዱቄቱ ይሻላል። አሜሪካ ውስጥ እንደተለመደው ሳሙና ፈቅፍቆ ከዋሺንግ ሶዳና ከቦራክስ (ሁለቱም የማጠቢያ ዱቄቶች ናቸው) ጋር መቀላቀል ርካሽ ይመስላል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ግን በደንብ አይታጠብም፣ ፎጣው ከጊዜ በኋላ ውሃ መምጠጥ ይተዋል።

እንዶድ የሚበቅልበት አካባቢ ላላችሁ ደግሞ ሶዳም ቅባትም አያስፈልግም። የደረቀው ፍሬ ተወቅጦ ሲዘፈዘፍ አረፋ ይሰጣል፤ ለነጠላና ለጋቢ እናቶቻችን የኖሩበት ነው። የዘይት እድፍ ላይ ግን ከሳሙና ይደክማል፣ ለመውቀጥም ጉልበት ይጠይቃል። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ሞተው ያገኟቸው ቀንድ አውጣዎች፣ ቢልሃርዚያ የሚተላለፈው በቀንድ አውጣ በኩል ስለሆነ፣ በዚህ በሽታ ላይ ላደረጉት ምርምር መነሻ ሆነዋል። እንዶድ ዓሣንም ይገድላልና እጣቢውን ወንዝ ወይም ኩሬ ውስጥ አትድፉት።