ያላለቀ ተረት በዓመት ክፍያ አትግዙ

ዘንዶ የምወድ ሰው ነኝ። ሰይፍ፣ ጠንቋይ፣ ከፎቅ ፎቅ የሚዘል ሰው ካለበት ምንም አልጠይቅም፤ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ፋንታሲና አክሽን ንቄ አይደለም። ወድጄ ነው የተሸወድኩት።

አንድ የስትሪሚንግ (ፊልም በኢንተርኔት የሚያሳይ) አገልግሎት፣ ስሙን አልጠራም፣ የአዲስ ተከታታይ ፊልም ትሬለር፣ ማለትም አጭር ማስተዋወቂያ፣ ለቀቀ። ሁለት ደቂቃ ተኩል ነው። ዘንዶው ከተማ ላይ እሳት ይተፋል፣ ሠራዊት ይተማል፣ ሙዚቃው ጸጉር ያቆማል። ከሥሩ ደግሞ የዓመቱን በአንዴ ለሚከፍል ቅናሽ አለ ይላል። ከፈልኩ።

ስምንት ክፍል ነበር። ዘንዶው በአንደኛው ክፍል ለአራት ደቂቃ ያህል፣ በስምንተኛው ትንሽ ረዘም ላለ ጊዜ ታየ። በመሃል ያሉት ስድስት ክፍሎች ሻማ በበራበት ቤት ውስጥ ተቀምጠው ስለ ዘንዶው የሚያወሩ ሰዎች ናቸው። ትሬለሩ ውስጥ ያየሁት ሁሉ የሁለቱ ክፍሎች ጭማቂ ነበር። ይሁን ብዬ ታገስኩ። በመጨረሻው ክፍል ጀግናው እጁን ሰይፉ ላይ አደረገ፣ ትልቁ በር ተከፈተ፣ ስክሪኑ ጠቆረ። ሁለተኛውን ሲዝን (ቀጣዩን ዙር) ስጠብቅ፣ ከሳምንታት በኋላ ተከታታዩ መሰረዙ ተነገረ። የኔ ክፍያ ግን አልተሰረዘም፤ ገና ስምንት ወር ይቀረው ነበር። ገንዘቤን መልሱልኝ ብዬ ስጽፍ መልስ የሰጠኝ ማሽን ነው። ስላነጋገርኩት አመስግኖኛል።

የኔ ዕድል ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። ግን በታወቁት ሥራዎች ላይም የሆነው ይኸው ነው። «1899» የተባለው ተከታታይ ኔትፍሊክስ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2022 ነው። አዘጋጆቹ ሦስት ሲዝን አስበው ነበር። በጃንዋሪ 2023 በአንድ ሲዝን ቀረ። «ዌስትወርልድ» አራት ሲዝን ከሄደ በኋላ፣ አምስተኛው መዝጊያ ይሆናል ሲባል ተሰረዘ፤ ወዲያው ደግሞ ኤችቢኦ ከራሱ መድረክ አወረደው። ከሁሉም የሚገርመው «ዊሎው» የተባለው የፋንታሲ ተከታታይ ነው። ዲዝኒ ፕላስ ላይ የወጣው ኖቬምበር 30 ቀን 2022 ነው። በሜይ 2023 ጠፋ። ስድስት ወር እንኳ አልሞላውም። ዲዝኒ የራሱን ሥራ ከራሱ ቤት አስወጣው ማለት ነው። በጊዜው ኩባንያው በዚህ ዓይነት የይዘት ማጽዳት 1.5 ቢሊዮን ዶላር ያህል የይዘት ዋጋ ከሂሳብ መዝገቡ ላይ ቀንሷል። ፊልሙን ማውረድ ለእነሱ የሂሳብ ሥራ ነው። ለተዋናይና ለጸሐፊ የሚከፈለው ቀጣይ ክፍያም ይቀንስላቸዋል። ለኛ ግን «ተረቴን መልሱ» ሳይል ተነስቶ የሄደ ተራኪ ነው።

እና የመጀመሪያ ምክሬ ይህ ነው፦ የዓመት አትክፈሉ። የወር ክፈሉ። ሲዝኑ ሙሉ ለሙሉ ከወጣ በኋላ አንድ ወር ገብታችሁ እዩትና ውጡ። በአብዛኞቹ አገልግሎቶች ዛሬ ከፍላችሁ ዛሬውኑ ብትሰርዙ እንኳ የከፈላችሁበት ወር እስኪያልቅ ይከፍትላችኋል። መሰረዣውን የሚደብቁት ረስታችሁ እንድትቀሩ ነው። ነጻ ሙከራ ሲሏችሁም የባንክ ካርዳችሁን ከጠየቁ ነጻ አይደለም፤ ቀኑን ስልካችሁ ላይ አላርም አድርጉት።

አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ሁላችንም እስኪያልቅ ከጠበቅን ተመልካች አነሰ ብለው ይሰርዙታል። እውነት ነው። ግን ሳያልቅ ይሰረዛል የሚለውን ፍርሃት የፈጠርኩት እኔ አይደለሁም።

ዓመት የማትከፍሉበት ሌላም ምክንያት አለ። ከከፈላችሁ በኋላ ውሉ ይቀየራል። አማዞን ፕራይም ቪዲዮ በጃንዋሪ 2024 አሜሪካ ውስጥ ፊልሞቹ መሃል ማስታወቂያ ማስገባት ጀመረ። ያለ ማስታወቂያ ማየት የፈለገ ተጨማሪ ይክፈል ተባለ። ቀድሞ የዓመቱን የከፈለውም ሰው አልቀረለትም።

አሁን ደግሞ ወደ «ግዛ» ቁልፍ እንምጣ። እኔ በስትሪሚንግ ተቃጥዬ ከዚህ ወዲያ ፊልሙን ገዝቼ የራሴ አደርገዋለሁ ብዬ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ላም አለኝ በሰማይ ሆነ። ቁልፉ «ግዛ» ይላል እንጂ የሚሸጥላችሁ የማየት ፈቃድ ነው። ሻጩና የፊልሙ ባለቤት ውላቸው ሲያበቃ ፈቃዱም ሊያበቃ ይችላል። በ2023 መጨረሻ ሶኒ ፕሌይስቴሽን በተባለው የጌም መሣሪያው የተገዙ የዲስከቨሪ ቴሌቪዥን ፕሮግራሞች ከሰዎች ስብስብ ላይ ሊወገዱ ነው ብሎ አስታወቀ። ሰው ሲጮህ ውሳኔው ተቀለበሰ እንጂ ሊያደርጉት ነበር። ካሊፎርኒያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ሻጩ ይህ ፈቃድ ብቻ መሆኑን በግልጽ ሳይናገር «ግዛ» የሚል ቃል እንዳይጠቀም በሕግ ከልክላለች። ስለዚህ ደጋግማችሁ የምታዩት ፊልም ካለ ዲስኩን ግዙ። አቧራ ይይዛል፣ ቦታ ይፈጃል፣ ግን ማንም በሌሊት መጥቶ ከመደርደሪያችሁ አያነሳውም።

ስለ «ፎርኬ» (4ኬ) ፓኬጅ፣ ማለትም ከፍ ያለ የምስል ጥራት ስለሚሰጠው፣ አጭር ቃል። ለሱ ተጨማሪ አትክፈሉ፤ ቢያንስ ለፋንታሲ ብላችሁ አትክፈሉ። የኮምፒውተር ምስል የበዛባቸው ብዙ ትልልቅ ፊልሞች በ2ኬ፣ ማለትም ባነሰ ጥራት፣ ተሠርተው በኋላ ነው ወደ 4ኬ የተሳቡት። ያልነበረ ነገር ሲሳብ አይፈጠርም። በዚያ ላይ ብዙ አገልግሎቶች በኮምፒውተር ብራውዘር ከፍተኛውን ጥራት አይሰጡም። ከፍላችሁ የማታዩት ጥራት ነው።

ጨለማውንስ ምን እንበለው? የዘንድሮ ዘንዶዎች ሁሉ የሚዋጉት በሌሊት፣ በዝናብ፣ በጭጋግ ውስጥ ነው። ደካማ ምስል ጨለማ ውስጥ ይደበቃል። «ጌም ኦፍ ትሮንስ» የተባለው የፋንታሲ ተከታታይ በ2019 ያሳየው የሌሊት ጦርነት ክፍል 82 ደቂቃ ነበር፤ 55 ሌሊት ቀረጻ ፈጅቷል። ያን ያህል ተለፍቶበት፣ ብዙ ተመልካች ማን ማንን እንደገደለ ለማየት መብራት አጥፍቶ፣ መጋረጃ ዘግቶ፣ ቴሌቪዥኑን ሲነካካ አመሸ።

አክሽኑም ተመሳሳይ ማታለያ አለው። ተዋናዩ መደባደብ ካልቻለ ካሜራውን ያንቀጠቅጡታል፤ አንዷን ቡጢ በአምስት ቁራጭ ይቆርጧታል። ቻድ ስታሄልስኪን ተመልከቱ። «ዘ ማትሪክስ» ላይ የተዋናዩ የኪያኑ ሪቭስ ስታንት ሰው፣ ማለትም አደገኛውን ትዕይንት በሱ ፋንታ የሚሠራ፣ ነበር። በኋላ በ2014 «ጆን ዊክ»ን ሲመራ ካሜራውን ራቅ አድርጎ አቆመውና ጠቡን ከእግር እስከ ራስ አሳየን። ትሬለር ስታዩ ይህን ሞክሩ፦ አንድ የድብድብ ትዕይንት ሳይቆረጥ ሦስት ሰከንድ ይቆያል? ካልቆየ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ መልሱ።

እኔ የዓመቱ ጊዜ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ቀርቶት ሰረዝኩ። ከመሰረዜ በፊት አራት ጊዜ እርግጠኛ ነህ ወይ ተብያለሁ። በአራተኛው ላይ ያ የዘንዶው ምስል ብቅ አለ። ጀግናው አሁንም እጁ ሰይፉ ላይ ነው።